ድመትዎ ከመጸዳጃ ሳጥኗ ውጭ ስትሸና፦ ከምን ይጀመራል?

ሻሼ ሦስት ዓመት ሙሉ ከሳፋዋ ውጭ አንዲት ጠብታ ሳትጥል ኖራ፣ አንድ ሰኔ ላይ የእናቴ ጋቢ ላይ ሸናች። ጋቢው ታጥቦ ተሰጣ፤ በሦስተኛው ቀን ደገመችው። ከዚያ ምንጣፉ፣ ከዚያ የበሩ ጥግ፣ ከዚያ ደግሞ በረንዳ ላይ የተቀመጠው የከሰል ማዳበሪያ ተራ በተራ ደረሳቸው። ጎረቤቱ ሁሉ መካሪ ሆነ። አንዷ «አፍንጫዋን ሽንቷ ውስጥ ድፈቂያት» አለችኝ። ሌላው «በማዳበሪያ ቋጥሮ ገበያ መጣል ነው» አለ። አንድ ትልቅ አባት ነገሩን በተረት ዘጉት፦ «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ።»

ተረቱን አከብራለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ግን አልስማማም። የድመት አመሏ ንጽሕና ነው። የቤት ድመት የዘር ግንዷ የአፍሪካና የቅርብ ምሥራቅ ዱር ድመት ናት፤ አፈር ጭሮ መጸዳዳትንና መልሶ መቅበርን ከእርሷ ወርሳለች። የድመት ግልገል በተወለደች በአንድ ወር ገደማ ማንም ሳያስተምራት አሸዋ መጫር ትጀምራለች። እንግዲህ አንዲት ድመት ሳጥኗን ስትተው አመሏ አልተለወጠም፤ አመሏን እንዳትፈጽም የከለከላት ነገር አለ። ያ ነገር ወይ ሰውነቷ ውስጥ ነው፣ ወይ ሳጥኑ ላይ ነው፣ ወይ ቤቱ ውስጥ ነው። የእርስዎ ሥራ ሦስቱን በዚሁ ቅደም ተከተል ማጣራት ነው። ሰውነቷን ሳያዩ አሸዋ መቀየር ጊዜ ማባከን ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ድመቷን ማጣት ነው።

ሳጥን ስል ከውጭ የሚመጣውን የፕላስቲክ የድመት መጸዳጃም፣ አብዛኞቻችን የምንጠቀምበትን ተራ የልብስ ማጠቢያ ሳፋም ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ጤናዋን ያጣሩ

ወንድ ድመት ካለዎት ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ ያንብቡት። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ጫፉ ላይ እጅግ ጠባብ ስለሆነ ጥቃቅን ጠጠር ወይም ዝልግልግ ነገር በቀላሉ ይደፍነዋል። ምልክቱን ብዙ ሰው ከሆድ ድርቀት ጋር ያምታታዋል። ድመቱ ሳጥኑ ውስጥ ይቀመጣል፣ ያምጣል፣ ምንም ሳይወጣው ይነሣል፤ ብዙ ሳይቆይ ሌላ ቦታ ሄዶ እንደገና ይቀመጣል። ይጮኻል፤ ብልቱን ደጋግሞ ይልሳል። ቢወጣውም ጥቂት ጠብታ ነው፤ አንዳንዴ ደም የቀላቀለ ነው። ከኋላ እግሮቹ ፊት ለፊት ሆዱን ቀስ ብለው ሲዳስሱት እንደ ብርቱካን የጠጠረ ነገር ከተሰማዎት ፊኛው ሞልቷል ማለት ነውና አይጫኑት፤ ሊፈነዳ ይችላል። ማስታወክና መዝለፍለፍ ከተጨመረ በሽንት መውጣት የነበረበት ፖታሲየም ደሙ ውስጥ እየተከማቸ ነው፤ ይህም ልብን ያቆማል። ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ከተደፈነ ድመቱ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሊሞት ይችላል። እንዲህ ያለ ምልክት ያየ ሰው «ነገ ጠዋት ይታያል» ማለት የለበትም። ሌሊትም ቢሆን፣ እሑድም ቢሆን ሐኪም ይፈልግ።

በሴት ድመት ላይ መደፈን ብርቅ ነው፤ ማቃጠል ግን ብርቅ አይደለም። ስትሸና ያመማት ድመት ሕመሙን ከሳጥኑ ጋር ታያይዘዋለች፤ ከሳጥኑ ስትሸሽ ከሕመሙ የምትሸሽ ይመስላታል። ጤናማ ድመት በቀን ከ2 እስከ 4 ጊዜ ትሸናለች። የእርስዎ ድመት ቶሎ ቶሎ በትንሽ በትንሹ የምትሸና ከሆነ ሽንቷ ይመርመር። በተቃራኒው ዕድሜዋ የገፋ ድመት ብዙ መጠጣትና ብዙ መሽናት ከጀመረች ኩላሊቷ፣ የስኳር በሽታ ወይም የታይሮይድ ዕጢ ሊሆን ስለሚችል ደሟም መታየት አለበት። አሮጊት ድመት መገጣጠሚያዋን እያመማት የሳፋውን ጠርዝ መሻገር አቅቷት ከሆነ ደግሞ መፍትሔው ቀላል ነው፦ የሳፋውን አንድ ጎን በቢላ ዝቅ አድርጎ መቁረጥና ጠርዙን በእሳት ማለስለስ ይበቃል።

ሐኪሙ ጠጠርም ኢንፌክሽንም ሳያገኝ «ፊኛዋ ተቆጥቷል» ሊልዎ ይችላል። ይህ ማምለጫ መልስ አይደለም። የሽንት ሕመም ይዟቸው ሐኪም ዘንድ ከሚቀርቡት ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ድመቶች ከግማሽ በላዩ ምክንያቱ ያልታወቀ የፊኛ ቁጣ ያለባቸው ናቸው። በአሜሪካ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይህን ሕመም ለረጅም ዓመታት ያጠኑት የእንስሳት ሐኪም ቶኒ ባፊንግተን ሕመሙ ከጭንቀት ጋር የተቆራኘ መሆኑንና የድመቷ ኑሮ ሲስተካከል እንደሚቀልላት አሳይተዋል። ባክቴሪያ ስለሌለበት አንቲባዮቲክ አይፈውሰውም፤ በየወሩ መርፌ ከማስወጋት የዚህን ጽሑፍ ቀሪ ክፍል መፈጸም ይሻላል።

የት ይወስዷታል? ብዙዎቹ የእንስሳት ክሊኒኮቻችን የለመዱት ከብት፣ በግና ውሻ ነው። ስለዚህ አስቀድመው ይደውሉና «ድመት ታያላችሁ? ሽንት ለተዘጋበት ድመት ቱቦ ታስገባላችሁ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ። ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው። ድመቱ ታሞ ቁጥር ከመፈለግ ዛሬ ስልክዎ ውስጥ ያስገቡት።

አንድ ነገር እለምናለሁ፦ የሰው ማስታገሻ አይስጧት። የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን መሰባበር አይችልም፤ አንዲት ፍሬ ልትገድላት ትችላለች። ዲክሎፌናክም ኩላሊቷን ያጠፋዋል።

ሽንት ነው ወይስ ርጭት?

የሁለቱ ጠረን ይመሳሰላል፤ መፍትሔያቸው ግን ይለያያል። የምትሸና ድመት ቁጢጥ ብላ መሬት ላይ ወይም ለስላሳ ነገር ላይ ብዙ ታፈሳለች። የምትረጭ ድመት ግን ቆማ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ወይም ለሶፋው ጎን ሰጥታ፣ ጭራዋን ቀጥ አድርጋና ጫፉን እያንቀጠቀጠች ወደ ኋላ ጥቂት ትለቃለች። ያ መልእክት ነው፤ «ይህ ግዛቴ ነው» ማለቷ ነው። ሳጥኑ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ርጭቱን አያስቀረውም።

የሚረጨው ያልተኮላሸ ወንድ ድመት ከሆነ ሌላ ዘዴ አይፈልጉ፤ ያስኮላሹት። ከተኮላሹ ከ10 ወንድ ድመቶች 9ኙ ገደማ መርጨት ያቆማሉ። አንዳንዱ ወዲያው፣ ሌላው ሆርሞኑ ከሰውነቱ እስኪወጣ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ያቆማል። ሳይለምድበት በ5 ወይም በ6 ወሩ ማስኮላሸት ይመረጣል። ሴቷም ፍትወት በያዛት ሰሞን ትረጫለች፤ ለእርሷም ማምከኑ ነው። «ተፈጥሮውን ለምን እንነካለን» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አሳባቸው ይገባኛል። ነገር ግን በየዓመቱ ግልገል በካርቶን ሞልቶ መንገድ ዳር ከመተው ይህ የተሻለ ርኅራኄ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከተኮላሹ በኋላም የሚረጩ ጥቂቶች አሉ፤ ለእነርሱ ወደ መስኮቱ ይመልከቱ። ከውጭ የሚዞር ድመት በመስኮቱ መስታወት ሲታያት ወይም በር ሥር ሲሸታት የእርስዎ ድመት ከውስጥ አጥሯን ታጥራለች። የመስኮቱን የታችኛውን ክፍል በወረቀት ይሸፍኑ፤ የምግብ ትራፊ በረንዳ ላይ አያሳድሩ፤ የበሩን ሥር በውጭ በኩል ያጽዱ።

ደብተር ይያዙ

ሻሼን ሐኪም አይቶ ጤነኛ ናት ካለ በኋላ መፍትሔውን የሰጠን የጥናት ደብተር ነው። አራት ነገር ብቻ እጽፍ ነበር፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ከዚያ በፊት ቤት ውስጥ የሆነውን። የመጀመሪያው ሳምንት ምንም አልነገረኝም። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ግን መስመሮቹን አንድ በአንድ በጣቴ እየተከተልሁ ሳነብ፣ ሽንቱ ሁሉ የተገኘው ለረቡዕና ለቅዳሜ አጥቢያ ሆነ።

ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት የእኛ ሰፈር የውኃ ፈረቃ ነው። ውኃው ሲመጣ እንዳያመልጠን ቧንቧውን ከፍተን እንተኛለን። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ቧንቧው መጀመሪያ አየር እያስነጠሰ ይንቋቋል፤ ቀጥሎ ውኃው ባዶው በርሜል ውስጥ እንደ ከበሮ እየደለቀ ይወርዳል። እኛ ለምደነው አንሰማውም። የሻሼ ሳፋ ከበርሜሉ ሥር ነበር። በርሜሉን የገዛነው ደግሞ በግንቦት መጨረሻ ነው።

እርስዎም ይጻፉ፤ ደብተሩ የሚናገርበት መንገድ አለው። ሽንቱ ዘወትር ከሳፋው አንድ ክንድ ርቆ ከተገኘ ድመቷ ወደ ሳፋው እየሄደች ደርሳ የምትመለስ ናት፤ ሳፋው ቆሽሿል ወይም አሸዋው አልተመቻትም። ዘወትር ጋቢ፣ ፍራሽና ልብስ ላይ ከሆነ አሸዋው ለእግሯ ሳይሻክራት አይቀርም። በር ወይም መስኮት ሥር ከሆነ የውጭ ድመት አለ። አንድ የቤተሰብ አባል ወደ ዐረብ አገር ሲሄድ ወይም ሕፃን ሲወለድ የጀመረ ከሆነ ምክንያቱ ሐዘን ወይም ፍርሃት ሊሆን ይችላል። ሁለት ድመቶች ካሉዎትና የትኛዋ እንደሆነች ካላወቁ ለጥቂት ቀን ለየብቻ ክፍል ይስጧቸው።

ሽታውን ከሥሩ ያጥፉት

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ለእኛ የጠፋ ሽታ ለድመት አይጠፋም፤ ሽታው እስካለ ድረስ ያ ቦታ ለእርሷ መጸዳጃ ነው። የድመት ሽንት ሲደርቅ ዩሪክ አሲድ የሚባለው ክፍሉ ጥቃቅን ክሪስታል ሠርቶ ክሩ ውስጥ ይቀራል። ተራ ሳሙና አያሟሟውም። በበጋ ጸጥ ብሎ ይቆይና ክረምት ገብቶ እርጥበት ሲያገኘው ሽታው እንደ አዲስ ይነሣል። «ካጸዳሁት ወራት አልፈውታል፤ አሁን ከየት መጣ?» የሚያሰኘን ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ቦታዎቹን ሁሉ ያግኙ። ሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚለዩባትን ሐምራዊ ብርሃን የምትሰጥ ትንሽ መብራት ይዋሱ፤ ማታ መብራት አጥፍተው ወለሉንና የግድግዳውን ግርጌ ይዙሩበት። የደረቀ ሽንት ፈዘዝ ያለ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። የልብስ ሳሙናም ያበራልና በአፍንጫዎ ያረጋግጡ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ቦታ በጠመኔ ያክብቡት። እኔ አራት ቦታ አውቅ ነበር፤ መብራቷ ዘጠኝ አሳየችኝ። አንደኛው ከሶፋው ጀርባ፣ በግድግዳና በምንጣፍ መካከል ያለች የእጅ መዳፍ የምታህል ቦታ ነበረች፤ ምንጣፉን ስገልጠው ከሥሩ ያለው ሊሾ ቀለሙን ለውጦ ነበር።

ትኩስ ሽንትን አይፈትጉት፤ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። አሮጌ ጋዜጣ ወይም ጨርቅ ደራርበው በእግርዎ ቆመውበት ይምጠጡት፤ እስኪደርቅ ይቀያይሩ። ቀጥሎ በቀዝቃዛ ውኃ ያርጥቡትና እንደገና ይምጠጡት። ሙቅ ውኃ ሽታውን ያጣብቀዋል።

ዋናው መድኃኒት ኤንዛይም (እድፍን የሚሰባብር ንጥረ ነገር) ነው። ለዚሁ ሥራ የተዘጋጁ ማጽጃዎች በውጭ አገር በቀላሉ ይገኛሉ፤ አሜሪካም አውሮፓም ያላችሁ የቤት እንስሳት ዕቃ መሸጫ ውስጥ ታገኟቸዋላችሁ። እዚህ ግን ጽሑፉ ላይ ኤንዛይም እንዳለበት የሚገልጽ የዱቄት ሳሙና ይግዙ። አንድ እጅ ዱቄት በዘጠኝ እጅ ለብ ያለ ውኃ ይበጥብጡ፤ ቦታው ላይ ሽንቱ የሰረገውን ያህል እንዲሰርግ አድርገው ያፍስሱና ሩብ ሰዓት ያህል ይተዉት። በቀዝቃዛ ውኃ ያለቅልቁት፤ ይድረቅ። ከደረቀ በኋላ ከፋርማሲ የሚገዛውን አልኮል ይርጩበትና መስኮት ይክፈቱ። ማንደጃ ወይም ሻማ ባለበት ክፍል አልኮሉን አይጠቀሙ። ምንጣፉ የሱፍ ከሆነ ወይም ቀለሙ የሚለቅ ከመሰለዎት አስቀድመው በማይታይ ጥግ ይሞክሩት። የጥጥ ጋቢ በዚሁ ውኃ ተነክሮ ይደርና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ስፖንጅ ፍራሽ እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ደጋግሞ የተሸናበት ከሆነ ጨርቁን ብቻ ማጠብ ዋጋ የለውም፤ መቀየሩ ይሻላል።

አቼቶን በእኩል ውኃ አቅጥኖ መጠቀም የአሞንያውን ሽታ ይቀንሳል፤ ክሪስታሉን ግን አያጠፋውም። እንደ ረዳት ብቻ ይዩት።

በረኪና ግን አያስገቡበት። ሽንት ውስጥ ያለው አሞንያ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል፤ በረኪና ከአቼቶ ጋር ሲቀላቀልም ሌላ መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል። በዚያ ላይ በረኪና የኤንዛይሙን ሥራ ያፈርሳል፤ አንዳንድ ድመቶችን ደግሞ ሽታው ራሱ ይስባቸዋል። ደቶልም ለድመት ቤት አይሆንም፤ በውስጡ ያለውን ክሎሮክሲሌኖል የድመት ጉበት አይችለውም፤ መዳፏ ላይ የነካትን ደግሞ ትልሰዋለች።

ሳጥኑን እንደገና ያስቡበት

ቁጥሩ፦ የድመቶቹ ብዛት ሲደመር አንድ። ለአንዲት ድመት ሁለት፣ ለሁለት ድመቶች ሦስት። ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይህ የማይቻል ይመስላል፤ ሁለት ሳፋ ግን የትም ይገባል። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሳፋዎች ግን በድመቷ ዓይን አንድ ስለሆኑ ያራርቋቸው።

መጠኑ፦ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ መነሻ ያለው ርዝመት አንድ ጊዜ ተኩል። ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ሳጥኖች ለዚህ ያንሳሉ፤ ሰፊ የልብስ ሳፋ ይበልጣቸዋል። ክዳን ያለው ሳጥን ሽታውን ለእኛ ይሸፍንልናል፤ ለእርሷ ግን ውስጡ ያምቀዋል።

አሸዋው ላይ ትንሽ ልቆይ። በ1947 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ ኤድ ሎው የተባለ ሰው ጎረቤቱ ለድመቷ አመድ ስትጠቀም አይቶ፣ ፈሳሽ መምጠጫ የሸክላ ጠጠር እንድትሞክር ሰጣት። የዛሬው የድመት አሸዋ ንግድ የተነሣው ከዚያ ነው። የእኛም ድመቶች ማንደጃ ውስጥ የቀዘቀዘ አመድ ካገኙ ወዲያው የሚቀመጡበት፣ ድመት የምትወደው ደቃቅና ለስላሳ ነገር ስለሆነ ነው። ይሁን እንጂ አመድ ሲርስ ያቃጥላል፤ መዳፏን ከጎዳ በኋላ ስትልሰው አፏንም ይጎዳል። ሰጋቱራ ይሠራል፤ ቀለምና ቫርኒሽ ካልነካው እንጨት መሆኑን አናጺውን ይጠይቁና አቧራውን በወንፊት ያራግፉት። ለእኔ የተሻለው የወንዝ አሸዋ ሆኖ አግኝቸዋለሁ፦ በወንፊት ይነፋል፣ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ከግንባታ ቦታ የሚያመጡት ሲሚንቶ ያልነካው ይሁን። አቅሙ ካለዎት ሽታ የሌለውን፣ ሲርስ የሚጓጉለውን የሸክላ አሸዋ ይግዙ፤ ሽቶ የተጨመረበትን ይተዉት። ውፍረቱ ሁለት ወይም ሦስት ጣት ይበቃል።

የትኛውን እንደምትወድ ካላወቁ ሁለት ሳፋ ጎን ለጎን አስቀምጠው አንዱን በአሸዋ፣ ሌላውን በሰጋቱራ ይሙሉና አንድ ሳምንት ይመልከቱ። እርሷ ትመርጥልዎታለች። የለመደችውን ሲቀይሩ ግን በአንድ ቀን አይሁን፤ አዲሱን ከአሮጌው ጋር በየሁለት ቀኑ ሩብ ሩብ እየጨመሩ ይቀላቅሉት።

ጠዋትና ማታ ቆሻሻውን ያንሡ። የማይጓጉል አሸዋ በየሳምንቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየር፤ ሳፋው በተራ ሳሙናና በሙቅ ውኃ ይታጠብ። ነፍሰ ጡር ሴት ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ትተወው። በድመት ዓይነ ምድር የሚተላለፈው ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ፅንስን ይጎዳል። ከወጣ በኋላ ሰውን ለመያዝ ከ1 እስከ 5 ቀን ስለሚፈልግ በየቀኑ የሚጸዳ ሳጥን ለቤተሰቡ ሁሉ ይበጃል።

ቦታው ጸጥ ያለ፣ ከምግቧ የራቀ፣ በር የማይዘጋበት፣ የሚመጣባትን ሰው አስቀድማ የምታይበትና መሸሻ ያለው ይሁን። ከበርሜል ሥር አይሁን።

መልሰው ያለማምዷት

ልማዱ የቆየ ከሆነ ሳጥኑን ማስተካከል ብቻ አይበቃም። ድመቷን አንድ ትንሽ ክፍል ውስጥ ንጹሕ ሳፋ፣ ውኃ፣ ምግብና መኝታ አድርገው ያኑሯት። እስር ቤት እንዳይመስላት በየቀኑ ይግቡና አብረዋት ይቀመጡ፤ ያጫውቷት። ሳፋዋን ያለ ስሕተት አንድ ሳምንት ከተጠቀመች በሩን እርስዎ ባሉበት ለአንድ ሰዓት ይክፈቱላት፤ ቀጥሎ ግማሽ ቀን፤ ቀጥሎ ሙሉ ቀን። ስሕተት ከተደገመ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለሱ።

ያጸዷቸውን አሮጌ ቦታዎች ሌላ ሥራ ይስጧቸው። ድመት ከምትበላበትና ከምትተኛበት ቦታ ላይ መሽናት አትወድም፤ ስለዚህ የምግብ ሳሕኗን ወይም የምትወደውን ጨርቅ እዚያ ያስቀምጡ። የማይቻል ከሆነ ቦታውን በላስቲክ ይሸፍኑት።

ስትሸና ቢያገኟት አይምቷት፤ አይጩኹባትም። አፍንጫዋን ሽንቷ ውስጥ መድፈቅ ያጠፋችውን አያስተምራትም፤ የምትማረው እርስዎን መፍራት ነው። ከዚያ በኋላ ከእርስዎ ተደብቃ፣ አልጋ ሥር ገብታ ትሸናለች። ፍርሃቱ ደግሞ ፊኛዋን መልሶ ያስቆጣዋል።

ውኃ ትጠጣ። በኪሎ በቀን 50 ሚሊ ሊትር ያህል ያስፈልጋታል፤ ለ4 ኪሎ ድመት ከምግቧ ጋር 200 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ ገደማ ነው። ደረቅ ምግብ ብቻ የምትበላ ከሆነ እርጥብ ይጨምሩላት፤ ጨው ያልነካው የሥጋ ወይም የዓሣ መረቅ ቢሰጧት ጥሩ ነው። የወጥ ትራፊ ግን አይስጧት፤ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ከሽንኩርት ይጀምራል።

የበዓል ሰሞን በተለይ ይጠንቀቁ። በግ ግቢ ውስጥ ይጮኻል፣ ርችት ይተኮሳል፣ ቤቱ በእንግዳ ይሞላል፣ ወለሉ ላይ ደግሞ ለስላሳ ቀጤማ ይጎዘጎዛል። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን የሚያመጣባት ቤት ውስጥ ቀጤማው ላይ ብትሸና ጥፋቷ አይደለም። ከዋዜማው ጀምሮ አንድ ክፍል ዘግተው ከሳፋዋና ከውኃዋ ጋር ያስቀምጧት፤ ልጆቹንም አስጠንቅቀው በሩን እንዳይከፍቱ ያድርጉ።

ሳፋውን ወደ ቋሚ ቦታው ማዛወር ሲፈልጉ በአንድ ጊዜ አንሥተው አይውሰዱት። በቀን አንድ ክንድ ያህል እየገፉ ያድርሱት። የሻሼን ሳፋ ከመታጠቢያ ቤት አውጥቼ ሳሎን በር ጀርባ እስካደርስ ድረስ ዐሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ እንግዳ ሲመጣ መንገድ መሃል የተቀመጠ ሳፋ እየዘለለ ይገባ ነበር። ሁለተኛውን ሳፋ በረንዳ ላይ ከከሰሉ ራቅ አድርጌ አስቀመጥሁት። የከሰሉ ማዳበሪያም አፉ ታስሮ መደርደሪያ ላይ ወጣ።

ማክሰኞ ሌሊት ቧንቧው ሲያስነጥስ ነቅቼ ጨለማው ውስጥ ጠበቅሁ። በርሜሉ መደለቅ ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ ከሳሎኑ በር ጀርባ አሸዋ ሲጫር ሰማሁ። ደብተሩ ላይ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍሁ፤ «ቦታ» በሚለው ዓምድ ሥር «ሳፋው ውስጥ» ብዬ ተኛሁ።